ያረጀ መኪና ሞተር ለምን ይሞቃል? ቴስታታ ከማስፈታትዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ያረጀ መኪና መሞቅ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚከተለው ነገር ተመሳሳይ ነው። ባለቤቱ ውሃ ይጨምራል፤ ተመልሶ ይሞቃል። ጋራዥ ይገባል፤ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ) ወጥቶ ይጣላል፤ አሁንም ይሞቃል። ከዚያ «ጋስኬት ነው» ይባልና ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል፣ ይወርዳል፤ ጋስኬት የሚባለው ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ ነው። ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጥፋቱ የላላ የራዲያተር ክዳን ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። በመኪናው እንጀራ ለሚበላ ሰው ደግሞ የቀናት ገቢ አብሮ ይሄዳል። ቴስታታ በጥንቃቄ ካልተገጠመ ቀድሞ ያልነበረ ችግር ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ እዚህ የምከተለው ቅደም ተከተል ወጪ የሌለውንና ቀላሉን ያስቀድማል፤ ከባዱን ወደ መጨረሻ ይገፋል። መመሪያው የተጻፈው በውሃ ለሚቀዘቅዙ አሮጌ መኪኖች ነው፤ ለቀድሞዎቹ ኮሮላዎች፣ ለፔጆ፣ ለላንድክሩዘር፣ ለአይሱዙና ለመሳሰሉት። አሮጌው ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ቴስታታ ውስጥ የሚዞር ውሃም የለውም፤ ለእርሱ ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። በጤነኛ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑን ልብ ይበሉ። ያንን ርቀት የሚያሰፋው ውሃውን በግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሞተሩ አሁን እየሞቀ ከሆነ

ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ይህ የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ ግቤ ላይ ነው። ከሰኮሩ በኋላ መንገዱ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በዚያ ሙቀት ውስጥ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ወደ ወልቂጤ መውጣት ይመጣል። ደካማ ራዲያተር ጅማ ከተማ ውስጥ ለወራት ተደብቆ ቆይቶ እዚህ አቀበት ላይ ይጋለጣል።

የሙቀት ጠቋሚው ከተለመደው ቦታ ከፍ ሲል ኤር ኮንዲሽነር ካለ ያጥፉት፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ለተሳፋሪው አይመችም፤ ግን ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ያወርዳል። ጠቋሚው ካልወረደ ጥግ ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። «ትንሽ ብቻ ቀርቶኛል» ብሎ መንዳት ቴስታታ የሚያጣምመው በዚያች ትንሽ መንገድ ላይ ነው።

ትኩስ ሞተር ላይ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ። በግፊት ታምቆ የቆየው ውሃ ክዳኑ ሲላቀቅ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅዎ ጨምቀው መያዝ ካልቻሉ ገና ነው። ሲከፍቱም ወፍራም ጨርቅ ደርበው መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ያዙሩት፤ ትንፋሹ ካለቀ በኋላ ሙሉ ለሙሉ ያንሱት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነስተው ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

መቼ እንደሚሞቅ ያስተውሉ

መካኒክ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ለጥቂት ቀናት ይህን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ጅማ መርካቶ አካባቢ በተጨናነቀ መንገድ ቆሞ ሲሠራ የሚሞቅ፣ ወደ አጋሮ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ግን የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ አቀበት ላይ ወይም ሲፈጥን የሚሞቅ ከሆነ ውሃው በበቂ መጠን እየዞረ አይደለም፤ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሟል ወይም የታችኛው ቱቦ እየተጣበቀ ነው። ጠዋት ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ ከሆነ ያልተከፈተ ቴርሞስታት፣ ውስጥ የተቋጠረ አየር ወይም የተበላ ጋስኬት ይጠረጠራል። በየቀኑ ውሃ የሚያስጨምር ከሆነ ደግሞ ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ፤ ቦታው እስኪገኝ ድረስ ሌላ ነገር መቀየር ትርፉ ወጪ ነው።

ጠቋሚው እውነቱን ነው?

ያረጀ መኪና ጠቋሚ ይሳሳታል። መርፌው ቀይ መስመር ላይ ሆኖ ቱቦዎቹ ለብ ብቻ ካሉ፣ እንፋሎትም የውሃ ሽታም ከሌለ፣ ቴስታታው አጠገብ ካለው ሴንሰር ላይ ሽቦውን ይንቀሉት። አንድ ሽቦ ብቻ ባላቸው በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ሽቦው ሲነቀል መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሽቦው የሆነ ቦታ ከብረት ጋር ተነካክቷል ወይም ጠቋሚው ራሱ ተበላሽቷል። ከወረደና ሞተሩ በእርግጥ ካልጋለ ሴንሰሩ ይቀየር።

ሲሞቅ ቆይቶ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ የሚወርድ መርፌ ግን እፎይታ አይደለም። ሴንሰሩን የሚነካው ውሃ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ያቁሙ።

ውሃው የት እየሄደ ነው?

ማታ መኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት እርጥበቱ የት እንደወደቀ ይዩ። ካርቶኑ ደረቅ ቢሆንም አያምልጥዎ፤ ትንሽ የሚያፈስ ቀዳዳ ውሃው ትኩስ ብረት ላይ ስለሚደርቅ ጠብታ አይተውም። የሚተወው ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት ቀለም ያለው ቅርፊት ነው። በቱቦዎቹ ማሰሪያዎች ዙሪያ፣ በራዲያተሩ የላይና የታች ጋን መጋጠሚያ፣ በፓምፑ ሥር ይፈልጉት። በጎን ያለውን የሲሊንደር ብሎክ ክብ ቆርቆሮ መድፈኛም ይመልከቱ፤ ለዓመታት ተራ ውሃ ብቻ የጠጣ ሞተር እዚያ ጋር ዝጎ ይበሳል።

የማሞቂያው ራዲያተር የሚያፈሰው መኪናው ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ መስታወት ጤዛ መያዙ የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠረጥርም። መስታወቱን በጣት ይንኩት፤ የሚያጣብቅ ከሆነና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍም እርጥብ ከሆነ፣ ፍለጋው እዚያ ላይ አበቃ። ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ጣፋጭ መርዝ ነው፤ የፈሰሰውን ሕፃናት፣ ውሾችና ፍየሎች እንዳይደርሱበት ወዲያው በብዙ ውሃ ያጥቡት።

ክዳኑ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ክዳኑን አንሥተው ገልብጠው ይዩት። ሁለት ቫልቮች አሉት። ትልቁ በስፕሪንግ የሚገፋ ሆኖ ከሥሩ የጎማ ቀለበት አለው፤ ግፊቱን ይዞ የሚያቆየው እርሱ ነው። መካከሉ ላይ ያለችው ትንሿ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ውሃውን ትርፉ ከሚጠራቀምበት የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ራዲያተሩ የምትመልስ ናት።

ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ የተቀመጠበት ክብ ምልክት ጠልቆ ከተቀረጸበት ወይም ስፕሪንጉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል የሚወርድ ከሆነ ክዳኑ አልቆለታል። ትንሿን ቫልቭ በጥፍር ቀስ ብለው ይሳቧት፤ ከፍ ብላ በራሷ መመለስ አለባት። ከተጣበቀች ምልክቱን ጠዋት ያገኙታል፤ የላይኛው ቱቦ ተጨምቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ያድራል።

አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ጅማ ላይ የውሃውን መፍያ ከ94 ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ግፊቱን መያዝ ሲያቅተው ሞተሩ ሌላ ምንም ሕመም ሳይኖርበት ውሃው ይፈላል፣ በትርፉ ቱቦ ይወጣል፣ ከዚያ በእርግጥ ያነሰው ውሃ ሞተሩን ያሞቀዋል። ያየ ሰው ሁሉ «ጋስኬት» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሲገዙ የአሮጌውን ክዳን ቁጥር ሳይሆን መኪናው የሚፈልገውን ቁጥር ይጠይቁ፤ ያለው ክዳን ቀድሞ በስህተት የተገጠመ ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ መስሏቸው የሚገጥሙ አሉ፤ ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ቱቦ ግን ያንን ተጨማሪ ግፊት አይችልም። ክዳኑ የሚቀመጥበትን የራዲያተር አንገትም በጣት ይዳስሱ። ጠርዙ ከተጎረበጠ አዲስ ክዳንም አይዘጋም።

ፋኑ

ኮፈኑን ሲከፍቱ ነጠላ፣ ሻሽና ልቅ እጅጌ ከቀበቶው ያርቁ። የኤሌክትሪክ ፋን ባለው መኪና ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ፋኑ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፍቱ።

በሞተሩ ቀበቶ ለሚዞር ፋን መጀመሪያ ቀበቶውን ይዩ። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ይበቃል። ጎኑ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቀበቶ ይንሸራተታል። ፋን ክላች ካለው ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን በእጅ ያዙሩት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ብዙ ዙር ከዞረ ወይም ከክላቹ ፊት ዘይት ከወጣ ተበላሽቷል።

የኤሌክትሪክ ከሆነ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ያሠሩት። መርፌው ከመካከል ከፍ ሲል ፋኑ መነሣት አለበት። ካልተነሣ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ማብሪያ) ይዩ። ከዚያ ራዲያተሩ ላይ ከተገጠመው የሙቀት ስዊች ሶኬቱን ነቅለው፣ ሁለት ሽቦ ያለው ከሆነ ሁለቱን በአጭር ሽቦ ያገናኙ። ፋኑ ከተነሣ ስዊቹ ሞቷል፤ ካልተነሣ ፋኑን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሞክረው ጥፋቱ የፋኑ ሞተር ወይም ገመዱ መሆኑን ይለዩ።

ፋኑ መዞሩ ብቻ ግን አይበቃም። ከሌላ መኪና ተወስዶ የተገጠመ ፋን ሽቦው ተገላብጦ ከሆነ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ አየር ከመሳብ ይልቅ ወደ ፊት ይገፋል። ስስ ወረቀት በራዲያተሩ ፊት ይያዙ፤ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ከፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ሽፋን ከጠፋም ይመልሱት። ያለ እርሱ ፋኑ የራሱን አየር መልሶ ያዞራል እንጂ በራዲያተሩ ሙሉ ስፋት አይስብም። ተፈትቶ ጋራዥ ውስጥ ሲቀር ማንም የማይጨነቅለት ዕቃ ይህ ነው።

ራዲያተሩ

ከውጭ በጭቃ፣ በነፍሳትና በሣር ዘር ይደፈናል፤ ቡና መፈልፈያ አካባቢ የሚውል መኪና ደግሞ የቡና ገለባ ይጨመርበታል። ከፋኑ በኩል ወደ ፊት በዝግታ በሚፈስ ውሃ ያጥቡት። ላቫጆ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ከፊት ሲመታ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ስሶቹ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ክንፎችም ይተኛሉ።

የውስጡን መደፈን በእጅ ማወቅ ይቻላል። ሞተሩን በደንብ አሙቀው ያጥፉት፤ የፋኑን ገመድ ይንቀሉና የእጅዎን ጀርባ ሳያስነኩ በራዲያተሩ ፊት ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ሙቀቱ ቀስ በቀስ መለወጥ አለበት። በመካከል ቀዝቃዛ ሰንበር ካገኙ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል። የመዳብ ራዲያተር ጋኑ በብየዳ ተከፍቶ በዘንግ ሊጸዳ ይችላል፤ የፕላስቲክ ጋን ያለውን መቀየር ይሻላል።

ይህ መደፈን የሚመጣው ከምንጠቀመው ውሃ ነው። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ ውስጡ ላይ ይጋገራል። ጅማ ዝናብ አልነሣትም፤ ጣራውን የመጀመሪያው ዝናብ ካጠበው በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከወንዝ ውሃ በእጅጉ ይሻላል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃም ይሆናል፤ ነገር ግን አሲድ እንዳይሰጡዎት ጽሑፉን አንብበው ይግዙ። ውሃውን ከኩላንት ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቅሉት። «እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክር ትክክል አይደለም። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል፤ ለእኛ የሚያስፈልጉን ሁለቱም ናቸው።

ቴርሞስታቱ

አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ከተማ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ከዚህ የባሰው ግን ከሥሩ ሁለተኛ ሳህን ያለው የቴርሞስታት ዓይነት ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ይገኛል። ያ ሳህን ሞተሩ ሲሞቅ የማቋረጫውን መንገድ ይዘጋና ውሃውን ሁሉ ወደ ራዲያተር ይልካል። ሲወጣ መንገዱ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር አቀበት ላይ ያሞቀዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ይፈትኑት። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ድስቱን ሳይነካ ውሃ ውስጥ ያስገቡና ይጣዱ። ላዩ ላይ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ተጽፏል። ቴርሞሜትር ካለዎት በተጻፈው ቁጥር አካባቢ መላቀቁን ይዩ፤ ከሌለዎት ሊፈላ ሲል መንቀሳቀስ መጀመሩን፣ ከውሃው ሲወጣም ተመልሶ መዘጋቱን ይመልከቱ።

እዚህ ላይ የጅማ ከፍታ ሰውን ያሳስታል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ አካባቢ፣ 88 የተጻፈበት ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ግን እዚህ ከ94 አያልፍም። ስለዚህ 82ቱ በሚፈላ ውሃ በሰፊው መከፈት አለበት፤ 88ቱ ግን በከፊል ብቻ ቢከፈት ጤነኛ ነው። «ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም» ተብሎ ደህናው ዕቃ እንዳይጣል። ጨርሶ ያልተነቃነቀው ግን ይቀየር። ሲገጥሙ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር፤ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ካለችው ወደ ላይ ትሁን።

ፓምፑና ቱቦዎቹ

የፓምፑን ፑሊ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ከወጣም መቀየር ነው እንጂ ቀዳዳዋን መድፈን አይደለም። ኩላንት አይቶ በማያውቅ ሞተር ውስጥ የፓምፑ ክንፎች በዝገት ተበልተው ውጪው ደህና ሊመስል ይችላል። ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ረዳትዎ ነዳጅ ሲሰጥ የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይያዙት፤ የውሃው ግፊት ሲጨምር መሰማት አለበት። በዚያው ቅጽበት የታችኛውን ቱቦ ይዩ። ሲፈጥን እየተጨመቀ የሚዘጋ ከሆነ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ዝጎ ጠፍቷል፤ ቱቦው ይቀየር።

ከውሃው ውጭ ያሉ ምክንያቶች

ዲስትሪቢዩተር (ለሲሊንደሮቹ የማቀጣጠያ እሳት የሚያድለው ዕቃ) ያለው ሞተር እሳቱ ከዘገየ ይሞቃል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የተደፈነ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ያነሰ ዘይትና የማይለቅ ፍሬንም ያሞቃሉ። ከጉዞ በኋላ እጅዎን ወደ አራቱም ጎማዎች ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ሞተሩ ፍሬን እየጎተተ ነበር።

አሁን ጋስኬቱ

እስከ አሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደዚህ ይምጡ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክዳኑን ከፍተው፣ ውሃውን እስከ አፉ ሞልተው ያስነሡ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት የአየር አረፋ ይወጣል። ሳያቋርጥ የሚፍለቀለቅና ነዳጅ ሲሰጥ የሚበረታ ከሆነ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሲነሣ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከጠጠረም ተመሳሳይ ምልክት ነው። ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሌላው ነው።

የዘይት መለኪያ ዘንጉን ይዩ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ አይነሣ፣ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። ነገር ግን የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ብቻ ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ካዩ አይደንግጡ፤ ክረምት ላይ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ ሞተር ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ያንን ያሳያል። ፍርዱ በዘንጉ ላይ ነው።

ጋስኬት ከሆነ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ቀጥ ባለ ማስመሪያ ይለካ። የሞቀ ቴስታታ ከተጣመመ አዲስ ጋስኬት ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ለመካኒኩ «ሳይለካና ሳይፈተሽ እንዳይገጠም፣ ብሎኖቹም በቅደም ተከተል የጥብቀት መጠን በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ጎበዝ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

መልሶ መሙላትና መሞከር

ውሃው በወረደ ቁጥር አየር ይቋጠራል። መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት እንዲያይ ያቁሙ፣ ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ያሠሩ። ቱቦዎቹን እየጨመቁ ውሃው በወረደ ልክ ይሙሉ። የላይኛው ቱቦ ሲግል፣ ማሞቂያውም ትኩስ አየር ሲሰጥ ክዳኑን ይግጠሙ።

ለሙከራ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው አቀበት ይበቃል። በዝቅተኛ ማርሽ ውጡት፣ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ አሥር ደቂቃ ያህል ያቁሙ። መርፌው ሲወጡ ከፍ ቢል እንኳ ፋኑ ሲነሣ መመለስ አለበት። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው የውሃውን ልክ ይዩ። ከጎደለ ግቤን ለመሻገር አይነሡ፤ ካርቶኑን እንደገና ያንጥፉ።